ከኩይሳው ወዲህ

ባለፈው ሰሞን ጅጅጋ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ሰው ስጠብቅ፣ እርጥብ የጫት ጆንያ የጫነች አሮጌ ሞተር አጠገቤ መጥታ ሰማያዊ ጭሷን ለቀቀችብኝ። የተቃጠለ ዘይትና የረጠበ ጆንያ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣ ጤነኛ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። እኔ ግን ጠጋ አልኩ። ሞተረኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና ዕቃውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ፤ ሌባ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ያ ሽታ ለእኔ የሀርሺን ሽታ ነው፤ የአንድ በልግ ሽታ።

እናቴ የጤና ረዳት ነበረች። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከጅጅጋ ሀርሺን የምትባል ትንሽ ከተማ ስትመደብ እኔንና ታናሽ ወንድሟን ጌታሁንን ይዛ ሄደች። አጎቴ በድሮው ሠራዊት ውስጥ በሞተር መልእክት የሚያደርስ ወታደር ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ካፖርትና አንድ ጥንድ ቡትስ ይዞ ቤታችን ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት አልነበረውም። እናቴ ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም። እሱ ግን ምሳ በቀረበ ቁጥር «በልቻለሁ» ማለት አበዛ። የት እንደበላ ማንም አያውቅም።

ሥራ ያገኘው ዝናቡ ሲጀምር ነው። ሶማሌዎቹ ጉ ይሉታል፣ እኛ በልግ። በደረቁ ጊዜ የጫት መኪና ከጅጅጋ በቀብሪበያ አድርጎ ሀርሺን ድረስ ይዘልቃል። ዝናቡ ሲጥል ግን ከቀብሪበያ ወዲያ ያለው ጥቁር አፈር ጎማ ይውጣል፤ መኪናው እዚያው ይቆምና የቀረውን መንገድ ሞተር ይወስደዋል። ሁለት የጅጅጋ ነጋዴዎች ለዚህ ሁለት ሞተር ነበሯቸው። ቀይዋን አጎቴ ያዘ። ሰማያዊዋ የፋራህ ነበረች።

የሀርሺን ሰው ጫት ላይ ትዕግሥት የለውም። ከቀትር በኋላ አደባባዩ ዳር በሸራ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ጆሮውን ወደ መንገዱ ያቆማል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ጆንያው መጀመሪያ መሬት የነካው ሞተረኛ ክላክሱን ይነፋል፣ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይጎርፋል። ሁለተኛው ሲደርስ ገዢው ጉንጩን ሞልቶ ነው የሚያገኘው፤ ጫቱን እያገላበጠ «ጠውልጓል» ይለዋል። ያኔ ሁለቱ ሰዎች በየቀኑ ሲሽቀዳደሙ ዋሉ ማለት ነው። ለእኛ ለልጆቹ ከኳስ ይበልጥ ነበር።

ፋራህ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፈኛ ሰው ነበር። አጎቴን ባየ ቁጥር በሶማልኛው «ዋርያ»፣ አንተዬ፣ ብሎ መልከፍ ነው።

«ዋርያ ጌታሁን! ትናንት ሞተሯን እየነዳሃት ነበር ወይስ እየጎተትካት?»

«የአንተስ ምላስ ነዳጅ አይፈጅም፤ ስለዚህ ቀደምከኝ» ይላል አጎቴ፣ ቀና ሳይል ሰንሰለቱን እያጸዳ።

ደግሞም እውነት ነው፣ ፋራህ ይፈጥናል። እዚያ ሜዳ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ የቱ ጭቃ እንደሚሸከም፣ የቱ እንደሚውጥ ከቀለሙ ያውቃል። አጎቴ የሚያሸንፈው በጥንቃቄ ነበር፤ ፋራህ ወድቆ ሲነሳ እሱ ሳይወድቅ ያልፋል። የፋራህ ታናሽ እህት ሆዳን ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ትቀመጣለች። አጎቴ ባሸነፈ ማግስት እሷ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፣ ፋራህ ባሸነፈ ማግስት እኔ እሰጣታለሁ። መምህሩ ወንበሩን በኖራ ለሁለት ቢከፍልልን ይሻላል ይል ነበር።

የእኔ ሥራ ውሃ ማሞቅ ነበር። አጎቴ ጭቃ ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። በጣሳ ውሃ አፈስለታለሁ። ከሽታው ዕለቱ እንዴት እንደዋለ እለያለሁ ብዬ አምን ነበር፤ ሲያሸንፍ ጭሱ ይበዛበታል፣ ሲሸነፍ ጫቱ። ምኑም እውነት አልነበረም። ግን አምኜበት ቁም ነገረኛ ሆኜ አሸተው ነበር።

አንድ ቀን ሆዳን «ረባዳው ጋ ሄደን እንያቸው» አለችኝ። ያን ዕለት ከማንኮራረፍባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነበር።

ረባዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ዝቅ ያለ ሜዳ ነው። ሲዘንብ ውሃው ከየአቅጣጫው መጥቶ እዚያ ይተኛል፤ ለትልቅ ሰው ከጉልበት በላይ ይሆናል፣ ከሥሩ ደግሞ ጭቃ አለ። እንዙር ቢሉ ቀኑ ይመሻል። በእኛ በኩል፣ ከውሃው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የሰው ሁለት እጥፍ ቁመት ያለው ቀይ ኩይሳ መንገዱ ዳር ቆሟል። እሱን ተደግፈን ተቀመጥን።

መጀመሪያ የደረሰው ፋራህ ነው። ከወዲያኛው ዳር ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። ውሃው ውስጥ አልገባም፤ ቁጭ ብሎ ሲጋራ ለኮሰ። ቆይቶ አጎቴ መጣ። የፋራህን ሞተር ዳር ላይ ባስቀመጧቸው ሁለት አጣናዎች ላይ አሰሩና አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው እንደ ቃሬዛ ተሸክመው አሻገሩ። ተመልሰው የአጎቴን ሞተር እንደዚያው አመጡ። ጆንያዎቻቸውን በራሳቸው ተሸክመው አሻገሩ። ሲጋራውን ተቀባበሉ። ፋራህ አንድ ነገር ተናገረና አጎቴ ሳቀ። በቤታችን ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ፋራህ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። የአጎቴም ሞተር ተነስታለች፤ ጭሷ ይታየኛል። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። እጁን አጣጥፎ ቆሞ ፋራህን ያየዋል። ፋራህ እየጮኸ በእኛ አጠገብ ኩይሳውን ሲያልፍ ነው አጎቴ ማርሽ ያስገባው። በእርግጥ አልደረሰበትም።

ሆዳን እየዘለለች ወደ ከተማ ሮጠች። እኔ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

«እማዬ፣ አጎቴ ሆን ብሎ ነው የሚሸነፈው። ፋራህን ይፈራዋል። ቆሞ ነው የሚያሳልፈው!»

እናቴ መርፌ የምትቀቅልበትን ድስት አስቀምጣ ወንድሟን አየችው። አጎቴ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

«ቀድሞኝ ደረሰ» አለ። «ብቻውን መሻገር ስለማይችል ጠበቀኝ። ያገኘውን ብልጫ እኔን በመጠበቁ ይጣ? ኩይሳው ጋ እስኪደርስ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እኔ ቀድሜ የደረስኩ ቀን እሱ ይቆምልኛል።»

«ማን ያያችኋል እዚያ?» አለች እናቴ።

«ማንም።»

እኔ አልገባኝም። ማንም ካላየ ለምን ይቆማል? ፎጣውን ሳቀብለው ፊቴን አዙሬ ነው።

ዝናቡ ገና ሳያጋምስ ከጅጅጋ ወሬ መጣ። ሁለቱ ነጋዴዎች መፎካከሩ ሰልችቷቸው አብረው ሊሠሩ ተስማምተዋል። አንድ ሞተር ይሸጣል፣ አንድ ሞተረኛ ብቻ ሥራው ላይ ይቆያል። የትኛው? የፊታችን ሐሙስ ጆንያውን ቀድሞ ሀርሺን አደባባይ ያወረደው። እነሱ ረባዳውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ሀርሺን ማለት ለእነሱ ጫት የሚሄድበት ስም ነው።

አጎቴ ይህን የነገረን ራት ላይ ነው። እናቴ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ያው» አለ። ያው ማለት ካፖርቱና የቤቱ ጥግ እንደሆነ እኔም ገብቶኛል። ፋራህ ቤትም እንደዚያው ነበር። አባታቸው ሞቷል፤ እናቱንና ሆዳንን የሚያበላው እሱ ነው። ይህንን ሆዳን ነገረችኝ፣ በኩራት እንጂ በልመና አይደለም። እኔም በኩራት የእኛን ነገርኳት። ከዚያ ሁለታችንም ደብተራችንን ከፈትን።

ሐሙስ ሲደርስ የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ኩይሳው ጋ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ውሃው ሰፍቷል።

አጎቴ ቀድሞ ደረሰ! ጮኽኩ። ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ፋራህ ብዙም ሳይቆይ መጣ፤ ፊቱ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ነው። ያን ቀን ሲጋራ የለ፣ ቀልድ የለ። ቀይዋን ሞተር አጣናው ላይ አስረው ገቡ። አጎቴ ከፊት፣ ፋራህ ከኋላ። መካከል ላይ ሲደርሱ ፋራህ ድንገት ዝቅ አለ። አጣናው አመለጠው፤ ሞተሯ ተንሸራታ ውሃው ውስጥ ገባች። እጀታዋ ብቻ ወጥቶ ቀረ።

«ጣላት! ሆን ብሎ ጣላት!» ብዬ በቆምኩበት አበድኩ። ሆዳን ጸጉሬን ያዘች፣ እኔም ያዝኳት። ሌሎቹ ልጆች ባያላቅቁን ኖሮ ቀሪውን ባላየሁም ነበር።

እየጎተቱ አወጧት። ገልብጠው ከማርሚታዋ፣ ከጭስ ማውጫዋ፣ ውሃ አፈሰሱ። ከዚያ ምንም ሳይነጋገሩ ተመልሰው ሰማያዊዋን አሻገሩ፤ እሷ ደረቅ ናት። አጎቴ ማስነሻውን ረገጠ። ምንም። ረገጠ፣ ረገጠ፣ ካፖርቱን አውልቆ ረገጠ። እሳት የምትሰጠው ካንዴላዋ ውሃ ጠጥታለች። ፀሐይ ወጥታ ጆንያዎቹ ላይ እንፋሎት ጀምሯል። እኛ ቀረብ ብለን ስለነበር ንግግራቸውን ሰማን።

«ሂድ» አለ አጎቴ። «እግርህ ነው የከዳህ፤ አይቻለሁ። ጫቱ ይሞታል፤ ሂድ።»

«ኩይሳውን አላለፍክም።»

«ፋራህ፣ ሞተሯ ሞታለች። ሂድ አልኩህ!»

«ሄጄ አደባባዩ ላይ ክላክስ ልንፋ? ምን አደረግኩ ብዬ?» አለ ፋራህ። ከሱሪ ኪሱ የካንዴላ መፍቻ አወጣ። ከራሱ ሞተር ደረቋን ካንዴላ ፈታና ለአጎቴ ዘረጋለት። አጎቴ እጁን አልዘረጋም። ፋራህ ገፋ አድርጎት ራሱ አሰረለት፤ ፊቱ እንደ ተቆጣ ሰው ነበር። «አሁን ርገጥ» አለው።

በመጀመሪያው ተነሳች።

አጎቴ ኩይሳውን ሲያልፍ እኔን አላየኝም። ወደ ከተማ ስንሮጥ ወደኋላ ዞር ብዬ ፋራህን አየሁት። እርጥቧን ካንዴላ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ በክብሪት እያቃጠለ ያደርቃታል። በእርጋታ ነበር የሚሠራው፤ ሰው ሻይ የሚያፈላ ይመስል። እሱ አደባባዩ ሲደርስ የአጎቴ ጆንያ ተሽጦ አልቋል።

በሚቀጥሉት ቀናት በርጫው ላይ ወሬው እሱ ብቻ ነበር። ፋራህ ሆን ብሎ ጣላት የሚል ነበር፣ እግሩ ነው የሚል ነበር። ሆን ብሎ ቢጥላት ካንዴላውን ለምን ይሰጣል? ሐፍረት ይዞት ነዋ! እንዲህ እያሉ ጫታቸውን ይጨርሳሉ። አንድ ሰው ቤታችን በር ላይ ቆሞ አጎቴን «እንኳን ያ አታላይ አላሸነፈህ» ሲለው፣ አጎቴ ሳህኑን ግድግዳው ላይ ወረወረው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ዕቃ ሲሰብር አላየሁም። እናቴ ስብርባሪውን ለቀመች።

ፋራህ ሰማያዊዋን ሞተር ለጅጅጋ ነጋዴዎች አስረክቦ እናቱንና ሆዳንን ይዞ ቶጎጫሌ ሄደ፤ እዚያ ድንበሩ ላይ ጭነት ማውረድ አይጠፋም አሉ። ሆዳን አልተሰናበተችኝም። ወንበሩ ሙሉ ለሙሉ የእኔ ሆነ። መጀመሪያ ቀን እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩበት። ከዚያ በኋላ ጠርዙ ላይ ነበር የምቀመጠው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ዝናቡ ግን አላለቀም። አጎቴ ረባዳው ጋ ሲደርስ ብቻውን ነው። አንድ ሁለት ቀን መንገደኛ ረዳው። እረኞቹ ግመሎቻቸውን ይዘው ወደ አዲሱ ሣር ርቀው ሄደዋል። ነጋዴዎቹ ሰው ቅጠርልን ሲባሉ «ውሃ ዳር ለሚቀመጥ ሰው ደመወዝ?» ብለው ሳቁ። የሀርሺን ሰው ጫቱ ሲዘገይበት ተነጫነጨ፣ ከዚያ ተሳደበ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ብቻዬን ኩይሳው ጋ ሄድኩ። አጎቴ ከወዲያኛው ዳር ነበር። ሞተሯ ጠፍታለች፤ ጆንያው እንደተጫነ ነው። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። እጄን አውለበለብኩለት። አላየኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት፤ ዞር አላለም። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ አጎቴ ወደ ከተማው አይመለከትም ነበር። ፊቱን ያዞረው ወደ መጣበት መንገድ ነው። ሰው ይመጣ እንደሆነ ያያል። ሥራውን ያገኘ፣ የቀደመ፣ ያሸነፈ ሰው እዚያ ተቀምጦ ከኋላው የሚመጣበት ሰው ይፈልጋል። አሳዘነኝ። ባለፈው ፈሪ ያልኩት ቀን ራሱ እንደዚያ አላሳዘነኝም።

በመጨረሻ ሞተሯን እዚያው እሾሃማ ዛፍ ሥር ጥሎ ጆንያውን በራሱ ተሸክሞ ተሻገረ። ጫቱን ማንም አልገዛውም፤ ፍየሎች በሉት።

«ፋራህን ላመጣው ነው» አለ ማታ ለእናቴ።

«ሥራህን ልትሰጠው?»

«ግማሹን።»

እናቴ የተቆጣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብለህ ገና አሁን ሰው ስትሆን! ግማሽ ሰው ልትሆን ነው?»

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባል የለ፣ እቴ?» አለ አጎቴ። «እኔ ያንን ብቻውን የሮጠውን ሆኛለሁ።» እናቴ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ዓርብ ነበርና፣ ትምህርትም ስለሌለ፣ እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ለሆዳን ብዬ አልቅሼ ነው። ረባዳውን በትከሻው አሻገረኝ፤ ሞተሯ ከዛፉ ሥር ነበረች። በጅጅጋ ዞረን፣ እዚያ ነጋዴዎቹን አነጋግሮ፣ ቶጎጫሌ ስንደርስ ፋራህ ከአይሱዙ ላይ የስኳር ጆንያ ያወርዳል። እሱም አየን። መጀመሪያ ጆንያውን አስቀመጠ።

«ዋርያ፣ ጠፋህ እንዴ? ሀርሺን በዚያ በኩል ነው።»

አጎቴ አልሳቀም። «ና ተመለስ። ነጋዴዎቹን አነጋግሬያለሁ፤ የጠወለገ ጫት አይተው ልብ ገዝተዋል፣ ሰማያዊዋንም ገና አልሸጧትም። ደመወዙን ለሁለት እንካፈላለን።»

ፋራህ አንገቱ ላይ ያለውን አቧራ በፎጣው ጠረገ።

«ግማሽ አልፈልግም። ግማሽ ለማኝ ነው የሚወስደው።»

«ታዲያ?»

«ዝናቡ ሲያበቃ እንደገና እንወዳደር። ውሃ ሳይኖር፣ ካንዴላ ሳንዋዋስ። የቀደመ ሥራው ላይ ይቆይ፣ የተቀደመ ይሂድ። በዚህ ከሆነ ነገ እመጣለሁ።»

እኔ ሁለቱን አየሁ። አጎቴ ፋራህ ከእሱ እንደሚፈጥን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሚያድነው ጭቃና ውሃ ነበር፣ ፋራህ ደግሞ በደረቁ መሬት ይሁን እያለው ነው። ሥራው አሁን የእሱ ነው፤ እምቢ ብሎ መሄድ ይችላል።  የሚያልፍ ሚኒባስ አሳልፎ ነው የመለሰው።

«እሺ» አለ።

«ወላሂ?»

«ወላሂ» አለ አጎቴ፣ ክርስቲያኑ ሰውዬ።

የቀረውን ዝናብ አብረው ተሸከሙ። አንድ ቀን ይሄ፣ አንድ ቀን ያ ሲቀድም ከረመ። ሆዳን ወንበራችን ላይ ተመለሰች፤ ጀርባ መሰጣጠት ቀርቶ ነበር፣ ወይም በግማሽ ልብ ነበር የምንሰጣጠው።

ሜዳው ሲደርቅ ውድድሩ ሆነ። ልጆቹ ኩይሳው ጋ ሲሄዱ እኔና ሆዳን አደባባዩ ላይ ቀረን፤ ከእናቴ ጋር ሸራው ሥር ቆምን። ፋራህ ብቻውን ደረሰ። ጆንያውን ጣለና ክላክሱን ነፋ። አጎቴ ከኋላው ሲመጣ ሰዉ መግዛት ጀምሮ ነበር። የራሱን ጆንያ አውርዶ፣ በሰዉ መካከል አልፎ ፋራህን ጨበጠው፤ ፋራህም ስቦ አቀፈው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ሄጄ ካፖርቱን ላጥብለት፤ ነገ ሥራ ሊፈልግ ጅጅጋ ይሄዳል» አለችና ሄደች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ።

እኔ አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀስኩም። ወንድሟ ያሸነፈላት ሆዳን ናት እጄን ጨምቃ ይዛ ያለቀሰችው።